የሴቶች ላክሮስ ክህሎት ማዳበሪያ ልምምዶች፦ ከገና ጨዋታ ወደ ጅማና አካባቢዋ ሜዳዎች



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ላክሮስ በአገራችን ያልተለመደ ስፖርት ነውና። የማነሣው ጥያቄ ግን እንግዳ አይደለም። አንዲት ልጃገረድ ከትምህርቷና ከቤት ሥራዋ ተርፎ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ለልምምድ ብታገኝ፣ ያ ጥቂት ሰዓት ክህሎት ሆኖ እንዲቀርላት ልምምዱ እንዴት መዋቀር አለበት? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ልምምድ የሚለካው በሜዳ ላይ በቆዩበት ሰዓት አይደለም፤ ተጫዋቿ ኳሱን በነካችበትና በራሷ በወሰነችበት ብዛት ነው። የቀረው ንግግሬ ይህን አሳብ ማስረዳትና ወደ ሜዳ ማውረድ ይሆናል።

ላክሮስ ምን ዐይነት ጨዋታ ነው?

ላክሮስ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወረሰ የዘንግና የኳስ ጨዋታ ነው። ተጫዋቿ ጫፉ ላይ መረብ የተወጠረበት ዘንግ ትይዛለች፤ በመረቡ ኳሱን ትቀበላለች፣ ተሸክማው ትሮጣለች፣ ለጓደኛዋ ታቀብላለች፣ ወደ ጎል ትወረውራለች። ኳሱ ከጎማ የተሠራ ድፍን ሲሆን ክብደቱ ከ140 እስከ 149 ግራም ነው። የሴቶች ዘንግ ርዝመት ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎሉም በወርድና በቁመት 1.83 ሜትር ነው።

የሴቶቹ ሕግ ከወንዶቹ በእጅጉ የሚለየው በአካል ንክኪ ረገድ ነው። በሴቶቹ ጨዋታ በሰውነት መግጨት አይፈቀድም፤ ወደ ራስ አካባቢ ዘንግ መሰንዘርም ክልክል ነው። ስለዚህ ኳስ የሚነጠቀው በጉልበት ሳይሆን በእግር አቋቋም፣ በጊዜ ምርጫና በዘንግ ቅልጥፍና ነው። ይህም ማለት የሴቶች ላክሮስ ከሁሉ አስቀድሞ የክህሎት ጨዋታ ነው።

ሴቶች ይህን ጨዋታ በተደራጀ መልክ መጫወት የጀመሩት በ1890 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ከተማ በሚገኘው የሴንት ሊዮናርድስ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረችው ሮዛቤል ሲንክሌር ጨዋታውን በ1926 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ባለው ብሪን ማር ትምህርት ቤት አስተዋወቀችው። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫም በ1982 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ተካሄደ። ልብ በሉ፤ ጨዋታው ወደ ሴቶች የደረሰው በታላላቅ ስታዲየሞች በኩል አልነበረም። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀምሮ፣ በአንዲት መምህርት አማካይነት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ግቢ ተሻገረ። እዚህ ለተቀመጣችሁ መምህራን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላክሮስ በ1904 እና በ1908 እ.ኤ.አ. በኦሊምፒክ ቢካተትም የተወዳደሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ጨዋታው በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲካተት ሲወስን ግን የሴቶችም ውድድር አብሮ ጸድቋል። የሚካሄደው በአጭሩ ዐይነት ነው፤ በየቡድኑ ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፣ ሜዳው 70 በ36 ሜትር ነው፣ ጨዋታውም ስምንት ስምንት ደቂቃ የሚወስዱ አራት ክፍሎች አሉት። በአህጉራችን ዩጋንዳ በ2014 እ.ኤ.አ. በወንዶች የዓለም ሻምፒዮና በመካፈል ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆናለች። አነስተኛ ሜዳና ጥቂት ተጫዋች የሚጠይቀው ይህ አጭር ዐይነት ለአንድ የወረዳ ትምህርት ቤት አቅም የሚመጥን ነው።

ገና፦ በእጃችን ያለው መነሻ

ዘንግና ኳስ ለእኛ አዲስ አይደሉም። በገና ሰሞን ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር ወይም ጥንግ እየመቱ በሁለት ወገን የሚጋጠሙበት ጨዋታ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በኦሮምኛም ተመሳሳዩ ጨዋታ ቂሌ ይባላል። በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ተሰልፈው ይጫወታሉ፣ ቢመታም ጌታ አይቆጣም ይባላል። የማዕረግን ድንበር ያን ያህል የሚያፈርሰው ጨዋታ ግን ሌላውን ድንበር አላፈረሰም፤ በተለምዶ የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። እኔም በልጅነቴ ገናን የማውቀው ከሜዳው ዳር ቆሜ በማየት ነው።

ገና እና ላክሮስ አንድ አይደሉም። በገና ኳሱ በመሬት ላይ ይመታል፤ በላክሮስ ግን ተይዞ በአየር ይቀባበሉታል። ሆኖም ሁለቱ የሚጋሩት መሠረት አለ፦ ዘንግን እንደ ክንድ ተቀጥላ አድርጎ መልመድ፣ የሚንከባለልን ኳስ በዐይን መከተል፣ በግርግር መካከል ጎንበስ ብሎ ኳሱን የራስ ማድረግ። ስለዚህ ላክሮስን ለልጃገረዶቻችን ስናስተምር ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር እያሸከምናቸው አይደለም፤ ከዳር ቆመው ሲያዩት ወደ ኖሩት ሜዳ እያስገባናቸው ነው።

የሰልፉ ሒሳብ

ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካመጣችበት ጊዜ ጀምሮ፣ የኢትዮጵያዊት ስፖርተኛ ምስል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሯጭ ምስል ነው። ኩራታችን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በኳስ ጨዋታዎችም ልምምድን በሩጫ ጀምረን በሩጫ የምንጨርስ ብዙዎች ነን። ትንፋሽ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ኳስ መቀበልን አያስተምርም።

ሁለተኛው ልማዳችን ሰልፍ ነው። 24 ልጃገረዶች በሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የፊተኛዋ ታቀብላለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች። እስኪ አብረን እናስላው። አንድ ኳስ በየ5 ሰኮንዱ ቢወረወር፣ በ20 ደቂቃ 240 ውርወራ ይሆናል። ለ24 ሲካፈል ለእያንዳንዷ የሚደርሳት 10 ውርወራና 10 ቅበላ ነው። አሁን እነዚሁኑ ልጆች በጥንድ በጥንድ አድርገን 12 ኳስ እንስጣቸው። በዚያው 20 ደቂቃ እያንዳንዱ ጥንድ 240 ውርወራ ይወራወራል፤ ለእያንዳንዷ 120 ውርወራና 120 ቅበላ ይደርሳታል። ኳስ እየወደቀ ግማሹ ጊዜ ቢባክን እንኳ 60 ይቀራል። ሜዳው፣ ሰዓቱ፣ መምህሩ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት በሰልፍ አሠልጥኛለሁ። ሰልፉ ለመምህሩ ዐይን ሥርዐት ያለው ይመስላል፤ ለልጅቷ ግን ጥበቃ ነው።

ድግግሞሽ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የንክኪን ብዛት ማሳደግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሁለተኛው የድግግሞሹ ዐይነት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የቴኒስ ኳስ አስይዘው፣ የተተከሉ ትንንሽ ጣውላዎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል እንዲጥሉ አሠለጠኗቸው። የሚማሯቸው ቅደም ተከተሎች ሦስት ነበሩ። ገሚሶቹ አንዱን ጨርሰው ወደ ቀጣዩ አለፉ፤ ሌሎቹ ሦስቱን እያቀላቀሉ ተለማመዱ። በልምምዱ ወቅት ፈጣኖቹ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ከ10 ደቂቃና ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ይበልጥ ይዘው የተገኙት አቀላቅለው የተለማመዱት ሆኑ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኬርና ቡዝ የተባሉ አጥኚዎች ሕፃናትን ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ አስወርውረው ነበር። በፈተናው ርቀት ላይ ብቻ ከተለማመዱት ይልቅ፣ በዚያ ርቀት ጭራሽ ሳይለማመዱ ከእርሱ ባጠረና በረዘመ ርቀት ሲወረውሩ የቆዩት በፈተናው በልጠው ተገኙ።

የእነዚህ ጥናቶች ትምህርት እንዲህ ነው። አንድ ዐይነት ነገር ሲደጋገም ልጅቷ የኋለኛውን ውርወራ ከፊተኛው ትቀዳለች፤ ሲለዋወጥ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ማሰብ አለባት፤ የሚቀረውም የታሰበበት ነው። ነገሩን ግን ማጋነን አይገባም። ይህ ውጤት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሜዳ ሲፈተን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጀማሪዋም የእንቅስቃሴውን መልክ እስክትይዝ ድረስ ጥቂት ያልተለዋወጠ ድግግሞሽ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ደንባችን፦ መልኩን እስክትይዝ አንድ ዐይነት፣ ከያዘችው በኋላ የተቀላቀለ፣ በመጨረሻም ተቃዋሚ ያለበት።

አራት ልምምዶች

የመጀመሪያው የመሬት ኳስ ማንሳት ነው። በጀማሪዎች ጨዋታ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመሬት ላይ ነውና ከዚህ እንጀምራለን። ሁለት ልጆች በ6 ሜትር ርቀት ይቆማሉ። አንዷ ኳሱን በእጇ ታንከባልላለች፤ ሌላዋ ወደ ኳሱ ሮጣ፣ ከወገቧ ሳይሆን ከጉልበቷ ጎንበስ ብላ፣ የዘንጉን ራስ ከመሬት ጋር አስተካክላ፣ ሳትቆም ታነሣዋለች። ዋናው ስሕተት ኳሱ ላይ ሲደርሱ መቆምና ከላይ መጫን ነው። ከ10 ሙከራ በኋላ አንከባላይዋ አቅጣጫውን ትለዋውጣለች፤ ቀጥሎም ኳሱ እንደ ተነሣ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብላ ትጠራለች፣ አንሺዋም ወደ ተጠራው ወገን ትሮጣለች።

ሁለተኛው የግድግዳ ልምምድ ነው። ብቻዋን ለምትለማመድ ልጅ ከዚህ የሚሻል የለም። ከግድግዳው 3 ወይም 4 ሜትር ርቃ ትቆማለች፤ 20 ጊዜ በቀኝ እጇ፣ 20 ጊዜ በግራ እጇ ወርውራ ትቀበላለች። የሚመጣውን ኳስ በዘንጉ አትመታውም፤ መረቡን ትንሽ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ትቀበለዋለች፤ እንቁላል ሲወረወርልን እጃችንን እንደምናለዝበው ማለት ነው። ከዚያ በግድግዳው ላይ በከሰል ሦስት ክቦች በተለያየ ከፍታ ይሣሉና 1፣ 2፣ 3 ይባላሉ። ታናሽ ወንድሟ ወይም ጓደኛዋ ቁጥር እየጠራ እርሷ ወደ ተጠራው ትወረውራለች። ግድግዳው ጠንካራ መሆን አለበት፤ የጭቃ ግድግዳ ኳስ አይመልስም፣ ምርጊቱም ይረግፋል፣ እናትም ትቆጣለች። የትምህርት ቤት ወይም የቡና መጋዘን የብሎኬት ግድግዳ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ይበቃል።

ሦስተኛው ሦስት ለአንድ ነው። 10 በ10 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ሦስት ልጆች ኳሱን ይቀባበላሉ፤ አንዷ ለመንጠቅ ትሞክራለች። ኳስ የያዘችው ከ3 ሰኮንድ በላይ አትቆይም። ኳስ የሌላቸው ሁለቱ ከነጣቂዋ ጥላ ወጥተው መታየት አለባቸው። እዚህ የምንማረው መወርወርን ብቻ አይደለም፤ ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ወገን የሚለውን ውሳኔ ነው። መምህሩም በዚህ ጊዜ «ለእርሷ አቀብዪ!» እያለ መጮኹን መተው አለበት። መምህሩ ከወሰነ ልጅቷ አልተለማመደችም።

አራተኛው ሁለት ለአንድ ወደ ጎል ነው። ሁለት አጥቂዎች ከ20 ሜትር ተነሥተው አንዲት ተከላካይ ባለችበት ወደ ጎል ያመራሉ። ተከላካይዋ ወደ ኳስ ያዧ ከመጣች ማቀበል፣ ወደ ኋላ ከቀረች ራስን ችሎ መቀጠል ነው። የተከላካይዋ ሥራ በሰውነቷ መግጨት ሳይሆን በእግሯ ቀድማ መንገድ መዝጋት መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን እናስተምራለን። በተመሳሳይ ጊዜ በሜዳው አራት ማዕዘን አራት ጎሎችን በድንጋይ ምልክት ብንሠራ ማንም ተራ ጠባቂ አይሆንም።

ስለ መሣሪያና ስለ ደኅንነት

ደንቡን የጠበቀ ዘንግ ውድ ነው። ለልምምድ ግን ተለምጦ ክብ ከተደረገ እርጥብ ቅርንጫፍና ከሲባጎ መረብ የሚያገለግል ዘንግ መሥራት ይቻላል፤ ጠርዙ ተልጎ ለስላሳ ይሁን። ኳሱ የቴኒስ ኳስ ይሁን። ይህን የምለው ለዋጋው ብቻ አይደለም። በሴቶች ላክሮስ ራስ ቁር የምታደርገው ግብ ጠባቂዋ ነች፤ ሌሎቹ የዐይን መከለያና የጥርስ መከላከያ ይጠቀማሉ። እነዚህ በሌሉበት በደንበኛው የጎማ ኳስ ማለማመድ በልጆች ዐይን መፍረድ ነው።

ሴት ተጫዋቾች በሩጫና በድንገተኛ መታጠፍ በተሞሉ ጨዋታዎች ለጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በኖርዌይ የ13–17 ዓመት ልጃገረድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሩጫን፣ የእግርና የሆድ ጡንቻ ማጠናከሪያን፣ ሚዛን መጠበቅንና በትክክል ማረፍን ያጣመረ የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ከባድ ጉዳቶችን በእጅጉ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኛም ቢያንስ 10 ደቂቃውን ለዚሁ እንስጥ፦ ዘልሎ በሁለት እግር ማረፍ፣ በአንድ እግር ቆሞ መቀባበል፣ ሮጦ በአጫጭር እርምጃ መቆም። በእያንዳንዱ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ እንጠብቅ።

ስለ አለባበስም አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም ሱሪና በደንብ የታሰረ ሒጃብ ወይም ሻሽ ለእነዚህ ልምምዶች እንቅፋት አይሆኑም። በረመዳን ወር ግን ሩጫ የበዛባቸውን ትተን የግድግዳውን ልምምድ በአጭሩ ብንይዝ ብልህነት ነው። ልጆቹ ሳይመሽ ቤታቸው መድረሳቸውም የልምምዱ አካል ነው፤ የወላጅ እምነት አንዴ ከተሰበረ በማንኛውም ልምምድ አይጠገንም።

ልምምዱና የቡናው ወቅት

የአካባቢያችን ዓመት በሁለት ነገሮች ይከፈላል፤ በዝናብና በቡና። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይለያል፤ ከዚህ ሥራ የበዛው በሴቶችና በልጃገረዶች እጅ ያልፋል። በኅዳር ወር ከልምምድ የቀረችን ልጅ «ፍላጎት የላትም» ብሎ ከስም ዝርዝር መሰረዝ፣ የቤቷን ኑሮ አለማወቅ ነው። የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ወንድሞቻቸው አይደሉም፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዐይነት የሚመስለው የመገኘት ደንብ በተግባር ሴቶቹን ይቀጣል።

ስለዚህ መርሐ ግብሩ ወቅቱን ይከተል። ከጥር እስከ ግንቦት የቡናው ሥራ የቀለለ ነውና ሦስተኛውንና አራተኛውን ልምምድ በስፋት እንያዝ። በዝናቡ ወራት ወደ ሲሚንቶ ወለል እንሂድ፤ በብዙ ቦታ የቡና ማስጫው ወለል በዚያ ወቅት ባዶውን ነው፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ለግድግዳና ለጥንድ ልምምድ ይመቻል። ሲሚንቶው እርጥብ ሲሆን ግን ያንሸራትታልና ሩጫ አይኑር። በለቀማው ወራት ደግሞ የጋራውን ልምምድ በሳምንት ወደ አንድ ቀን ዝቅ አድርገን፣ ልጅቷ ዘንጓንና ኳሷን ወደ ቤት ይዛ ትሂድ። በቀን 12 ደቂቃ፣ በየ6 ሰኮንዱ አንድ ውርወራ፣ 120 ውርወራ ነው። በሳምንት አራት ቀን ብታደርገው 480 ይሆናል። በሰልፍ ስታሳልፈው ከነበረው ሙሉ ሳምንት ይበልጣል።

እድገትን እንዴት እንለካ?

በልምምድ ማብቂያ ላይ የሚታይ ጥሩ ውርወራ ያታልለናል፤ ቅድም እንዳየነው በዕለቱ ማማር መማር አይደለምና። ስለዚህ ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ከማሟሟቂያው ቀጥሎ፣ ያለ ምንም መለማመጃ ይሁን፦ 20 ውርወራ ወደ ሦስቱ ክቦች፣ በተደበላለቀ ጥሪ፣ 10 በቀኝ፣ 10 በግራ። ውጤቱን ልጅቷ ራሷ በደብተሯ ትጻፍ። ከሌላዋ ጋር አናወዳድራትም፤ ከባለፈው ሳምንት ራሷ ጋር እንጂ። ግራ እጇ ከቀኟ በምን ያህል እንደሚያንስ ስታየው፣ በቤቷ 12 ደቂቃ ምን መሥራት እንዳለባት መምህሩ ሳይነግራት ታውቃለች።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ብዙዎቻችሁ የምትመደቡት አንድ ኳስና አንድ ሜዳ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሆናል። ምናልባት ላክሮስን አንድም ቀን አታስተምሩ ይሆናል። የእጅ ኳስ ወይም መረብ ኳስ ስታስተምሩ ግን፣ ፉጨቱን ከመንፋታችሁ በፊት ቆማችሁ ቁጠሩ፦ በዚህች ደቂቃ ስንቶቹ እየተጫወቱ፣ ስንቶቹ እየጠበቁ ነው? ልጃገረዶቻችን በሌላው የሕይወታቸው ክፍል ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። በእናንተ ሜዳ ላይ አይጠብቁ።